አርባ ጊዜ አዎ

እና መጽሐፉን መጀመሪያ አወጣዋለሁ፣ ከሁሉም በፊት እሱን፣ እንግዶቹ እዚያ ሥር ካዩት ጉዴ ነው፣ ወለሉ ወደ በሩ ስለሚያዘነብል ሦስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዬን አንድ እግር ደግፎ የያዘው እሱ ነው፣ ሰማንያ አራት ገጽ ምክር፣ እስካሁን የጠቀመኝ ውፍረቱ ነው፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አቧራውን በሽርጤ እጠርገዋለሁ። ሽፋኑ ላይ እኔ አለሁ። መቀስ ከፍ አድርጌ ይዤ እስቃለሁ፣ ከፀጉሬ በላይ «የራስዎን ሥራ ይጀምሩ» ይላል፣ ግራ ጉንጬ ላይ የመኪናው እግር የተወው ክብ ስርጉድ አለ። በተፈጥሮዬ ያልነበረኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። በአራት ሰዓት ይመጣሉ፣ የንግድ ሥልጠናው አሰልጣኝ ትናንት ደውሎልኛል፣ ሃያ ሁለት አዲስ ሰልጣኞች፣ ስኬታማዋን ነጋዴ በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ሃያ ሁለት ሰው በዚህች ክፍል፣ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ፣ ለክቻታለሁ፣ ልብስ ሰፊ ያልለካችው ነገር የለም። በስድስት ሰዓት ደግሞ ያቺኛዋ፣ የሆስፒታሉ የልብስ ክፍል ኃላፊ፣ መልሴን ትጠብቃለች፣ መልኳን አይቼው አላውቅም፣ በስልክ ብቻ ነው የማውቃት፣ ቃል አታባክንም፣ ስሚ አለችኝ፣ አንሶላና የሐኪም ጋውን መጠገን ነው፣ ቋሚ ነው፣ የወር ደመወዝ አለው፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገቢያለሽ፣ አዎ ወይም አይ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ካልሆነ ከኋላሽ የተሰለፈ አለ። አስብበታለሁ አልኳት። ምኑን ነው የማስበው? ሥራውን እፈልገዋለሁ። እዚህ ላይ ጥያቄ የለም። ጥያቄው ዓይኔን በጨው ታጥቤ ለአሰልጣኙ ሱቁን ልዘጋው ነው ማለት እችላለሁ ወይ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እለማመደዋለሁ፣ ልዘጋው ነው፣ ልዘጋው አስቤ ነበር፣ ምናልባት ብዘጋው ምን ይመስልሃል፣ እያሳጠርኩት ሳይሆን እያስረዘምኩት ነው።

ጋሽ ሚስማር በትከሻው በሩን ገፍቶ ይገባል። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው። ስሙን ያወጣለት ሁልጊዜ በከንፈሩ የሚይዘው ሚስማር ነው፣ ሲያወራም አያወጣውም፣ ሁለት ክንዱ ሙሉ ልብስ ታቅፏል፣ አንቺ ልጅ፣ ደንበኞችሽን አመጣሁልሽ፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ የላውንደሪዋ ሴትዮ እስከ ሰባት ሰዓት መልሱልኝ ብላለች፣ ባለቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጡት፣ የሰው ልብስ ነው፣ ደርሶ ሥራ አማረኝ ብለሽ እንዳትቆርጪው። ይስቃል፣ ሚስማሩ ይወዛወዛል። አንዴ ቢውጠው ምን ይሉ ይሆን፣ የማን ጥፋት ይባላል። ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከየልብሱ እነቅላለሁ፣ በተራ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ልብሶቹን መስቀያው ላይ እደረድራለሁ፣ ግራጫ ሱሪ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ካፖርት። የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች የመጡ ጊዜ መስቀያው ባዶ ነበር፣ የአሰልጣኙን ፊት አየሁት፣ ጋሽ ሚስማርም በበሩ በኩል አየው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳልጠይቀው የገዛ ኮቱን አምጥቶ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ያውቃል? አይጠይቅም። እኔም አልነግረውም። ሆድ ይፍጀው።

ገጽ ዘጠኝ፣ ገበያዎን ይጠይቁ። በቃሌ ነው የማውቀው። ከመክፈትዎ በፊት አርባ ሰዎች ያነጋግሩ፣ ቅጹን ያስሞሉ፣ ጥያቄ ሰባት፣ ይህ ሥራ በዚህ ሰፈር ያዋጣል ይላሉ ወይ፣ አዎ፣ አይ። በየቤቱ ዞርኩ፣ የልጆቻችሁን ዩኒፎርም እኔ ጋ ታሰፋላችሁ ወይ እያልኩ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ እስክሪብቶውን በእጃቸው አስይዤ፣ እናቴ ከጎኔ ነበረች፣ ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር፣ እንዴ ልጄ፣ አንቺ ከፍተሽ እኛ ሌላ ቤት ልንሄድ ነው? ግቢ እስቲ፣ አረፍ በይ፣ አዎ። ቀጣዩ በር፣ አዎ። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት እንኳ አዎ ብለው ሞሉልኝ። አርባ ከአርባ። አሰልጣኙ ቅጾቹን ክፍሉ ፊት ቆሞ አውለበለባቸው፣ መቶ በመቶ! ተጨበጨበልኝ። እኔም አመንኩ፣ እኔ፣ በዕድሜዬ ለማንም ፊት ለፊት አይ ብዬ የማላውቅ ሴት፣ አርባ ይሉኝታ ሰብስቤ ገበያ ነው ብዬ አመንኩ።

ቁጥሩ ይኸው። ከአርባዎቹ በሦስት ዓመት የመጡት ስድስት። አራቱ ዚፕ ለማስቀየር፣ አንዷ ክር ለመለመን፣ አንዱ ዝናብ ለመጠለል። ዩኒፎርም ያሰፋ የለም። ትምህርት ቤቶቹ የተሰፋውን ከፋብሪካ ያስመጣሉ፣ ያኔም ያስመጡ ነበር፣ ይህን የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። እኔ የሱሪ እግር አሳጥራለሁ። ትናንት አንድ ሱሪ። ከትናንት ወዲያ ምንም።

ለምን አልዘጋሁም? መጽሐፉ ውስጥ ስለ መክፈት አሥራ ስድስት ደረጃ አለ፣ ስለ መዝጋት አንድም ገጽ የለም፣ ሦስት ጊዜ ፈልጌያለሁ። ሌላው ምክንያት አሰልጣኙ ነው። የቤቱ ባለቤት ብቻዋን ለሆነች ሴት አላከራይም ሲል ዋስ የሆነኝ እሱ ነው፣ መኪናውን በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ያስገባው እሱ ነው፣ እኔን ጨምሮ ሠላሳ ሰው ሠልጥኖ ሃያ ዘጠኙ ዘግቷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ በየስብሰባው ሲጠይቁት የሚያሳያቸው እኔን ነው፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ እየሳቀ፣ አንቺ ከሌለሽ እኮ እኔም የለሁም አለኝ። እኔም ሳቅኩ።

መጡ። የጫማ ድምፅ፣ ሳል፣ ይቅርታ እህቴ እዚህ ልቁም፣ በሩ ላይ የቀሩት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ አሰልጣኙ መሀል ገብቶ እጁን ይዘረጋል፣ ሞዴላችን ይህች ናት፣ ከዜሮ የተነሳች፣ መስቀያውን እዩ፣ ሥራው ሲናገር እኛ ዝም እንላለን፣ እስቲ ትንሽ ስፊላቸው። ፔዳሉን እረግጣለሁ። ያለ መጽሐፉ መኪናው ይንገጫገጫል፣ አንዱ ወጣት የሞተር ጉልበቱ ነው ይላል ለጓደኛው፣ ጋሽ ሚስማር በራፉ ላይ ፊቱን ያዞራል። ባዶ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ መስመር እሰፋለሁ። ቀጥ አላለም።

አንዲት ሴት መስቀያው ጋ ቆማለች። አርባ ይሆናታል፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፣ እጇ ሰማያዊው ካፖርት ላይ ነው፣ ገበሩን ትገልጣለች፣ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነች ቦታ አለች፣ እሷ ላይ ጣቷ ይቆማል። ገባኝ። የማን ካፖርት እንደሆነ ገባኝ፣ አሁን ትናገራለች፣ ይህ የኔ ነው፣ ለላውንደሪ የሰጠሁት ነው ትላለች፣ ሃያ ሁለት ሰው፣ አሰልጣኙ፣ ሽፋኑ ላይ ያለችው እኔ፣ ጉድ ፈላ፣ እግሬ ከፔዳሉ ላይ አልነሳ አለ። ካፖርቱን አየች። እኔን አየች። እንደገና ካፖርቱን።

እጅዎ ይባረክ፣ አለች። ቆንጆ ሥራ ነው።

አርባ አንደኛው፣ እላለሁ በልቤ። ግን ይህኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ በገዛ ልብሷ ላይ ነው የዋሸችልኝ። ወረቀት ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ ያው ቅጽ፣ ያው ጥያቄ ሰባት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራኛለች፣ ከዚህ ሦስተኛው በር ባዶ ነው አይደል፣ ልብስ ስፌት ልከፍትበት ነው፣ እርስዎን አይቼ ነው እውነቱን ለመናገር፣ በመጽሐፉ ላይ ያለው ፎቶዎ፣ ልጄ ራሷ እማዬ እንደዚህች ሁኚ አለችኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አስሞልቻለሁ፣ አርባኛዋ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ ለዕድል። ቅጾቹን ታሳየኛለች። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ይህ ሥራ በዚህ ሰፈር ያዋጣል ይላሉ ወይ። እስክሪብቶዋን በእጄ አስያዘችኝ። ፊት ለፊቴ ቆማለች። ልክ እንደዚህ ነበር የቆምኩት። እናቴ ጎኔ ሆና። አሁን አዎ ብላት ምን ይጎድልብኛል፣ ምንም፣ የሚጎድለው ከእሷ ነው፣ ሦስት ዓመት፣ ካፖርቱ አሁንም ትከሻዋ አጠገብ ተንጠልጥሏል።

«አይ» ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እጄ ነው ያደረገው፣ አፌ አይደለም።

አሰልጣኙ ከትከሻዬ በላይ አይቶ ሳቀ፣ አያችሁ፣ ፉክክር ፈራች! ይህ የነጋዴ ወግ ነው፣ ሁሉም ሳቁ፣ አንዱ ምቀኝነት የሚል ቃል ጣል አደረገ፣ አንድ አይ ሠላሳ ዘጠኝ አዎ አያበላሽም ይላል አሰልጣኙ፣ አምጪው ቅጹን፣ ይመዝገብልሽ። ሴትየዋ አልሰጠችውም። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ እንደገና ለሁለት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ቤት ልየው አለችው። ስትወጣ በጆሮዬ፣ ካፖርቱን እኔው ሰባት ሰዓት ላይ ከላውንደሪው እወስደዋለሁ፣ አይጨነቁ።

ወጡ። ክፍሏ የሰው ላብና ወረቀት ትሸታለች። አሰልጣኙ በሩ ላይ ይቀራል፣ የሸሚዙ እጅጌ ተተርትሯል፣ ልስፋልህ እለዋለሁ፣ ተይው ይላል፣ ሌላ ጊዜ፣ ስሚ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ትላልቆቹ ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣሉ፣ ሥልጠናው ይቀጥላል ወይስ ይታጠፋል የሚሉት እነሱ ናቸው፣ አንቺን ነው የማሳያቸው፣ አለሽልኝ አይደል? አሁን። አሁን በይው። ቅድም ብለሽዋል፣ ሞተሽ አልተገኘሽም፣ ሁለት ፊደል ናት፣ ግን ቅድም ወረቀት ነበር፣ ይህ ሰው ነው፣ ዓይን አለው፣ ጀርባው መኪናዬን ተሸክሟል።

እሺ።

እግዜር ይስጥሽ ይላል፣ እጄን ጨብጦ ይሄዳል፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ እሰማዋለሁ። ለስድስት አምስት ጉዳይ ስልኩ ይጮሃል፣ ራሷ ናት፣ ሌላዋ ልጅ እዚህ ቆማለች፣ ነገ ሁለት ሰዓት ትገቢያለሽ ወይስ ለእሷ ልስጠው፣ ባጭሩ።

እሺ፣ እገባለሁ።

ጥሩ። ተዘጋ። ሁለት እሺ፣ ለአንድ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት፣ በመሀላቸው አሥር ደቂቃ እንኳ የለም። አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ገና አልወሰንኩም እላለሁ፣ ግን ነገሩ ውሳኔ አይደለም፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ አንደኛው ነገ ፊት ለፊቴ ይቆማል፣ አንደኛዋ መልክ የላትም፣ ይሉኝታ ደግሞ በስልክ አይመጣም፣ ልጅቷ እዚያው ቆማለች፣ እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይጠብቁኛል፣ ከዚያ ይሰጧታል።

ጋሽ ሚስማር ልብሶቹን ሊወስድ ይገባል። ወረቀቶቹን በተራ እሰጠዋለሁ፣ ካፖርቱን መጨረሻ ላይ፣ ክንዱ ሞልቶ በሩ ጋ ይዞራል፣ ከሚስማሩ ጎን፣ አንቺ ልጅ፣ ነገስ ደንበኛ ላምጣልሽ?

መጽሐፉ እጄ ላይ ነው። እሱም ፊት ለፊቴ ነው።

እሺ፣ ያምጡልኝ።

ጎንበስ እላለሁ፣ መኪናውን በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ መጽሐፉን ወደ ቦታው እገፋዋለሁ፣ እግሩ ጉንጬ ላይ ይቀመጣል፣ ልክ ስርጉዱ ላይ፣ ነካ አደርገዋለሁ፣ አይነቃነቅም