በጣሳ የሚመጡ ሳንቲሞች

ባሌ ኤልሳዕ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሸዋ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ግማሹ የሐረር ሰው ሰዓቱን አስጠግኖበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሱቁን ዘጋን። እሱም ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ።

ሐኪሙ እጁ ካልሠራ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል ብሎ እየጨመቀ የሚለማመድበት የላስቲክ ኳስ ሰጠው። ኤልሳዕ ኳሷን መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። «ሕፃን ልታደርጉኝ ነው?» አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ወይ ፍንክች። የእኔም የእጅ ሰዓት በዚያው ሰሞን ቆመች። ሌላ ሠሪ ጋ መውሰድ ክህደት መስሎ ስለታየኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

የደረሰልን ዐብዱረዛቅ ነው። የጀጎል ሰው ነው፣ አንጥረኛ፣ የኤልሳዕ የልጅነት ጓደኛ። ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ከመሬት ያወጡትን አሮጌ ሳንቲም ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ይሸጡለታል፤ እሱ አጽድቶ ለቱሪስት ይሸጣል። አንድ ቀን አፈርና አረንጓዴ ዝገት የዋጣቸውን ሳንቲሞች በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልቶ መጣና ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፋቸው።

«ዓይኔ ደከመ፣ ኤልሳዕ» አለ። «በሎሚ እንዳልፈትጋቸው ጽሑፋቸው ይጠፋል። አንተ ካልሠራህልኝ ማን ይሠራልኛል?»

ኤልሳዕ ወንበሩን ከግድግዳው ወደ ጠረጴዛው አዞረ። ከዚያ ያቺን በአንድ ዓይኑ የሚሰካትን ማጉያ መነጽር አምጪልኝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ሳንቲሞቹ፣ የምግብ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ በእኔ ዘይት ተዘፍዝፈው ይከርማሉ። ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋሉ፣ ቀሪው ቆሻሻ በመርፌ ጫፍ ይለቀማል። አንድ ቀንማ በወጥ ጭልፋዬ ሲያማስላቸው ደረስኩበት። ስነጫነጭ እውላለሁ፤ ውስጤ ግን በደስታ ሊፈነዳ ነው። ያ የደረቀ እጅ መርፌ ይዟል። የጸዳውን ዐብዱረዛቅ ይወስዳል፣ ሌላ ያልጸዳ ያመጣል።

ባለፈው ሐሙስ በርበሬ ልገዛ ጊደር መጋላ ሄጄ እግረ መንገዴን ዐብዱረዛቅ ቤት ጎራ አልኩ። ሚስቱ ሐዲያ በሩን ከፈተችልኝ። «ግቢ ውስጥ ነው፤ ምን እንደሚሠራ አንቺው ጠይቂው» አለችኝ እየሳቀች።

ዐብዱረዛቅ ሮማን ዛፉ ሥር ተንበርክኮ ያንኑ የወተት ጣሳ ከጉድጓድ ያወጣል። ጣሳው ውስጥ በጨውና በአቼቶ የራሰ ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ሳንቲሞች። ኤልሳዕ አጽድቶ የመለሰለት ሳንቲሞች ናቸው። እንደገና እንዲዝጉ ቀብሯቸው ኖሯል።

«ምንድነው የምታደርገው አንተ ሰው?»

አንገቱን ደፋ። «ቱሪስት ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ ጽጌ። ከገጠር የሚያመጡልኝም ቀሩ። ባዶ እጄን ብመጣ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ሊዞር ነው። ወላሂ፣ ሌላ ዘዴ አጣሁ።»

ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ። «ታዲያ ይሄ ከኳሷ በምን ይለያል? ያወቀ ቀን መርፌውን ወርውሮ ዳግመኛ አይነካውም።»

«አያውቅም፣ ኢንሻአላህ» አለ።

በርበሬዬን ረስቼ በባጃጅ ተመለስኩ።

ኤልሳዕ መስኮቱ ሥር አንዲት የመዳብ ሳንቲም ይዞ አጎንብሷል። ቀና ብሎ አየኝ። የእኔ ፊት ደግሞ መደበቅ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ዐብዱረዛቅ ጋ ነበርሽ?»

«በርበሬ ልገዛ ነው የሄድኩት።»

«በርበሬውስ?»

ባዶ ዘንቢሌን ወደ ኋላዬ ሸሸግኩ። ሳንቲሟን አቀበለኝ። ዐረብኛው ጽሑፍ አጠገብ ቀጭን ጭረት አለባት።

«የመጀመሪያው ሰሞን መርፌው አምልጦኝ ነው የጫርኳት» አለ። «አሁን ሳጸዳት ሦስተኛዬ ነው። ጭቃዋ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ እየቀበረ ነው የሚመልስልኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«መጀመሪያ ሳውቅ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሄጄ ላፋጥጠው ልነሳ ስል ቆም ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ጊዜ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ፈጀችብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳጸዳት ወር አልፈጀችብኝም። አሁን የያዝኳት እሑድ ነው፤ ይኸው ዛሬ ጨረስኳት። አዲስ አዲስ ሳንቲም ቢያመጣልኝ እጄ እየዳነ መሆኑን በምን አውቅ ነበር?» ሳንቲሟን ከእጄ ወሰደ። «ለእሱ ግን እንዳትነግሪው። ተደብቆ መቅበሩን ሳይወደው አይቀርም።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሱ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀምሯል። ዘይቱን አነሳ፣ ብሩሹን አነሳ፣ ነጭ ወረቀት አነጠፈ። ሱቅ እያለው ሰዓት ሊከፍት ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ያቺን የቆመች ሰዓትሽን አምጪያት» አለኝ።