ሰማንያ ሦስተኛው ሯጭ

ለተራራው ሩጫ አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለክፍለ ከተማው፣ ለፖሊስ፣ ለወረዳው፣ ለመብራት ኃይል ሳይቀር። ተራራው ላይ መብራት የለም፤ ቅር እንዳይላቸው ነው። የአዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን አቶ ሚልኪያስ ያለ ማኅተም ደረጃ እንኳ የማይወጣ ሰው ስለሆነ፣ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር በሜትር ከመለካታችን በፊት በወረቀት ሸፍነነው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት በውሸት የሞላሁት አንዱን ብቻ ነው። የጋሽ ረታን።

ከጋሽ ረታ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ መርፌ ይወጋል።

«ጤንነት በሚለው ላይ ‹ሙሉ ጤነኛ› በልልኝ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ይፈርምልህ እንጂ።»

«ሐኪም ካየኝማ ሩጫውን ከበረንዳ ነው የማየው። አንተ ልጅ፣ እኔና ስኳር ስንት ዓመት አብረን ኖርን? አሥራ አንድ ሰዓት እወጋለሁ፣ ቁርሴን እበላለሁ፣ አሥራ ሁለት ተኩል እነሣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከረሜላ አለ። ከዚህ በላይ ሐኪም ምን ያውቃል?»

ሞላሁለት።

ቀኑ ጥቅምት 2011 ውስጥ አንድ እሑድ ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰማንያ ሦስት ሯጮች ዓዲ ሓቂ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። የክብር እንግዳው ግን አልመጡም። «ያለ እንግዳ ማን ያስጀምራል?» አለ አቶ ሚልኪያስ። እንግዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡና ስፖርት ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም አርባ ደቂቃ ዘረዘሩ። ጋሽ ረታ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እግሩ ይቆማል። አየኝና አውራ ጣቱን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁለት። ከመርፌው ወዲህ ያለፈውን ሰዓት ግን እቆጥር ነበር፤ መርፌ የወጋ ሰው ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ይወርዳል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማንያ ሁለት ሰው ተመልሷል። የመጨረሻውን ሯጭ እየተከተለ እንዲመጣ የመደብነው ማቲያስም ገባ።

«ከኋላዬ ዝንጀሮ እንኳ አልቀረም» አለ።

«ጋሽ ረታስ?»

«ቀድሞኝ አልገባም እንዴ?»

አቶ ሚልኪያስ ዘንድ ሮጥኩ። «አንድ ሰው ጎድሏል። አምቡላንሱ ይውጣ።»

«ደክሞት ባጃጅ ይዞ ቤቱ ገብቶ ይሆናል። አምቡላንሱ ደግሞ እንግዳው ሳይሄዱ እንዴት ይወጣል? አሁን በንግግራቸው አመስግነውታል እኮ!»

ስልኬ ጮኸ። እትዬ አያልነሽ ናት፣ ሚስቱ። «ስልኩን አያነሣም። ደረሰ?»

«እየመጣ ነው» አልኳት። ዘጋሁት። ሁለተኛ ውሸቴ ነበር።

«አቶ ሚልኪያስ፣ ስኳር አለበት። እያወቅሁ ‹ጤነኛ› ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

የቆምነው ማይክራፎኑ አጠገብ ነበርና ሜዳው ሁሉ ሰማ። እንግዳው የያዙት ሜዳልያ አየር ላይ ቀረ። አምቡላንሱ ያን ጊዜ ወጣ።

ውስጡ ነርሷ ረምላ፣ ማቲያስና እኔ ነን። መንገዱ ያለቀበት ላይ ቃሬዛውን ይዘን ወርደን፣ ኮረብታው ላይ ያሰርነውን ቀይ ሪባን ተከትለን ወጣን። ሪባኑ በሕዛእቲው መሐል ያልፋል። ሕዛእቲ ማለት በትግርኛ ችግኝ ተተክሎበት፣ ሰውም ከብትም እንዳይገባበት መንደሩ የከለለው መሬት ነው። ጠባቂው አቦይ ኣባዲ ጎጇቸው ደጃፍ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተቀምጠዋል።

«ከመይ ውዒልኩም» ብለው ሰላም አሉን። «የእናንተ ነው? ኑ ውሰዱት» አሉ። «ሰማንያ ሰው ችግኜን ረግጦ አለፈ። ሁሉም ሚዳቋ! ኣነ ሽማግሌው በምን እግሬ ልያዝ? ይሄ አንዱ ሲያዘግም አገኘሁትና ያዝኩት።»

«አቦይ፣ እኛ እኮ ደብዳቤ ጽፈናል» አለ ማቲያስ።

«ለማን?»

አሥራ አራቱም ወንበር ላለው ሰው ነበር የተጻፉት።

ጋሽ ረታ ጎጆው ውስጥ ቁርበት ላይ ተጋድሟል፤ የጠባቂውን ጋቢ ለብሷል። ካናቴራው በላብ ረጥቧል። ረምላ ተንበረከከችና ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። «ጋሼ! ጋሼ!» አይመልስም።

«መጀመሪያ ደህና ነበር» አሉ አቦይ ኣባዲ። «ኋላ ተንቀጠቀጠ፣ ተሳደበ፣ ቦርሳዬን ቦርሳዬን አለ። ጠጥቷል ብዬ አስተኛሁት።»

«የምን ቦርሳ?» አለች ረምላ።

ከጣሪያው ማገር ላይ ትንሽ የወገብ ቦርሳ አወረዱ። ሕዛእቲ ጥሶ ከተያዘ ሰው መያዣ መውሰድ የመንደሩ ሕግ ነው። ከእንጨት ቆራጭ መጥረቢያውን፣ ከሣር አጫጅ ማጭዱን። ከሯጭ የሚወሰድ ሌላ ነገር አላገኙም።

«የሰው ዕቃ አልነካም፣ ወደይ፣ ልጄ። ክፈቱና እዩ» አሉኝ።

ረምላ ከፈተችው። አምስት ከረሜላ፣ በፌስታል የተቋጠረ ስኳርና ድምፁ የተዘጋ ስልኩ።

ሽማግሌው ስኳሩን አዩ፣ የተኛውን አዩ። «ለዚህ ነበር የለመነኝ?»

ረምላ የደም ስር ፈልጋ ግሉኮሱን ሰጠችው፤ ጠበቅን፤ አልነቃም። ቃሬዛውን አነሣን። አንዱን ጫፍ የያዙት አቦይ ኣባዲ ናቸው። በአቋራጭ፣ ችግኞቻቸውን እየረገጡ ወደ መኪናው ወረዱ።

ወደ ዓይደር ሆስፒታል እየከነፍን ስልኬ ጮኸ። እትዬ አያልነሽ ናት፤ መጥፋቱን ሰው ነግሯታል።

«ተገኘ?»

«ተገኝቷል፣ እትዬ።»

«ስጠኝ ላናግረው።»

ረምላን አየኋት። የዐይኑን ቆብ ገልጣ እያየች ነበር። አልነቃም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ተኝቷል» አልኩ።

«ረታ? በጠራራ ፀሐይ?»

«እትዬ፣ ሐኪም ሳያየው ወረቀቱን የሞላሁለት እኔ ነኝ። ስኳሩን እያወቅሁ።»

«ይተነፍሳል?» አለች።

«ይተነፍሳል።»

«እንግዲያው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ። የአንተን ጉዳይ በኋላ ትነግረኛለህ።»

አደረግሁላት። ሳይረኑ ስለሚጮህ የምትለውን አልሰማሁም። ይነቃነቁ እንደሆነ ብዬ ከንፈሩን አየሁ፣ ጣቶቹን አየሁ። ዓይደር በር እስክንደርስ ስልኩን ከጆሮው አላነሣሁም።