የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ

ስልክ ጠጋኟ የአኮርዲዮኑን የመጀመሪያ ነጭ ቁልፍ ስትጫን፣ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ የከበሮ ምት ወጣ። ሁለተኛውን ተጫነች፤ ጸናጽል። ሦስተኛውን ነካችው፤ ጭብጨባ።

እናቷ ልብስ መተኮሷን አቁማ ዞረች። “አባትሽ ዕድሜውን የፈጀበትን መሣሪያ አርደሽ ዘረጋሽው። አሁን ደግሞ ያጨበጭብልሻል።”

“ታገሺኝ እማዬ።”

አባትየው ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱን አሰገገ። ሕመም ግራ ጎኑን ካሰነፈው ወዲህ፣ ሰዓት ከመጠየቅ በቀር ነገሬ የሚለው ጉዳይ አልነበረም። ድሮ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንግቶ ቀኝ እጁ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጥ፣ ግራው ወናፉን እየሳበ ይገፋ ነበር። ቀኙ ዛሬም ደህና ነው። ነፋስ የሚሰጥ እጅ ግን የለም፤ ያለ ነፋስ ደግሞ አኮርዲዮን እንጨት ነው። ልጁ ከሱቅ ኪቦርድ ገዝታ ብታመጣለት “ይሄ ጠረጴዛ ነው” ብሎ ፊቱን አዞረ።

ስለዚህ ወናፉ የተቀደደውን አኮርዲዮን ፈታታችው። የቀኝ እጁን ቁልፎችና ማንገቻውን ብቻ አስቀረች። ከየቁልፉ ሥር ከአሮጌ ሪሞቶች የነቀለቻቸውን መጫኛዎች በየደች፤ ገመዶቻቸውንም አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰሌዳዋ የራሷ ድምፅ የላትም። ሚዲ በሚባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ቋንቋ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነና እንደተለቀቀ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች። ድምፁን የሚያወጣው የሙዚቃ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ነው።

“ታዲያ ከበሮ ምታ ያለው ማነው?” አለ አባትየው።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ከሰዓት ሌላ ነገር ከጠየቀ ሰነበተ። “እሱን ነው የምፈልገው” አለችና ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ፣ “አገኘሁት። መልእክቱን የምልከው በአሥረኛው መስመር ነው። አሥረኛው ደግሞ ለከበሮ የተተወ ነው።”

“ተሳስተሽ ከበሮ መቺው ቤት ደወልሽ በይኛ።”

“እንደሱ ነው።”

መስመሩን ለውጣ ቁልፎቹን አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት። ጣቶቹ መንገዱን አልረሱም። አንድ የቆየ ዜማ ጀመረ፤ ፕሮግራሙም በአኮርዲዮን ድምፅ ተከተለው። መሀል ላይ ሲደርስ ግን አቆመ።

“ምነው አባዬ? ይዘገያል?”

“አይዘገይም። ትንፋሽ የለውም። ሳባብለውም ስቆጣውም ያው ነው። የበር ደወል በይው።”

ልጅቱ ብዙ የደከመችው ቁልፎቹ ላይ ነበር፤ ወናፉን ግን ዘንግታው ኖሯል። ዕቃ ከምታጠራቅምበት ካርቶን ውስጥ ጎርጉራ፣ ከተጣለ የድምፅ መቆጣጠሪያ የፈታችውን፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚደረግበትን ማንሸራተቻ አወጣች፤ ሰሌዳዋ ላይም በየደችው። ፕሮግራሙ ላይ የድምፁን ኃይል መርጣ ማንሸራተቻውን ወዲያና ወዲህ ስታደርገው፣ ፕሮግራሙ የድምፁ መቆጣጠሪያ አድርጎ ያዘው።

“አሁን ተጫወት።”

እሱ ሲጫወት እሷ ገፋች፣ ሳበች። ድምፁ አብጦ ከፍ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። እናትየው ካውያዋን አቁማ መጣች።

“አንቺ እየተነፈስሽ እኔ ልዘፍን?” አለ አባትየው። “ወዲህ አምጪው።”

የተኛውን ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ ማንሸራተቻው ላይ አኖረው። የምታክመው ሐኪም ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ በለመነችው ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደብቀው እጅ ነው። በቀኙ አንድ ቁልፍ ተጭኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ በግራው ገፋ። ማንሸራተቻው ጥፍር ታህል ሄደ፤ ድምፁም በጭንቅ ተሰማ።

“ቆይ፣ ላስተካክልልህ” አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ። “ይችን ታህል ብትገፋም እንደ ሙሉ እንዲቆጥራት አደርገዋለሁ።”

አድርጋው እንደገና ሲገፋ አኮርዲዮኑ አጓራ። እናትየው ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ አፏን ይዛ ሳቀች። አባትየው ግን ማንሸራተቻውን አተኩሮ እያየ ነበር።

“ይሄ የቀረው መንገድ ምን ሊሠራ ነው?”

“ምንም። አሁን አያስፈልግህም።”

“ወደ ነበረበት መልሺው።”

“አባዬ፣ ድምፁ አይሰማም እኮ።”

“ለእኔ ይሰማኛል። መልሺው፤ ቀስ እያልኩ እሄድበታለሁ።”

ልጅቱ እናቷን አየቻት፤ እናትየው በዓይኗ “አድርጊለት” አለቻት። መለሰችው። አባትየው ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብሎ በግራ እጁ ገፋ።