ከክሬኑ ላይ፣ ሁለት መንጠቆ

፩

«ገዛኸኝ፣ ስንት መንጠቆ ነው የሚታይህ?»

በሬዲዮ ነው። ከላይ፣ ከክሬኑ ጫፍ።

«አንድ ነዋ።»

«እኔ ጎን ለጎን ሁለት ነው የማየው።»

፪

ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ትርሲት ትባላለች። አዳማ ውስጥ የምንሠራው ፎቅ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ናት። እኔ መሬት ላይ ቆሜ ጭነቱን በሬዲዮ እመራታለሁ። ያን ጊዜ መንጠቆው ላይ አንድ እስር ፌሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሰዎች ይሠሩ ነበር።

፫

ሰዎቹን አስወጣሁ። እሷ ሻሿን ፈትታ አንዱን ዓይኗን አሰረችው። መንጠቆው አንድ ሆነላት።

«በአንድ ዓይን ርቀቱን በደንብ መለየት አልችልም» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን ነው። «አንተ ምራኝ።»

ዝቅ።

ዝቅ።

ቀስ።

ቁሚ።

ፌሮው መሬት ነካ። እስሩን ከመንጠቆው ፈታሁት።

፬

ፎርማኑ (ሬዲዮውን ከእጄ ወስዶ)፦ ሥራው ቆሟል እኮ። ዓይንሽን እንደሸፈንሽ ጨርሺልን።

ትርሲት፦ አልችልም፣ አቶ ዳምጠው።

ፎርማኑ፦ አሁን አወረድሽው አይደል?

ትርሲት፦ እሱን አየር ላይ ትቼው መምጣት ስለማልችል ነው። ሌላ ካነሳሁ ግን አደጋውን እያወቅሁ ነው የማነሳው።

ፎርማኑ፦

(ስልኩን አውጥቶ ሌላ ኦፕሬተር መፈለግ ጀመረ።)

ክሬኑ ላይ ወጥቼ፣ እኔ ከሥር እሷ ከላይ ሆነን፣ እግሯን በእያንዳንዱ የመሰላሉ እርከን ላይ እያስያዝኳት ወረድን።

፭

ሐኪም ቤት፣ የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ኑሪያ መጀመሪያ የግራ ዓይኗን አስሸፈነቻት፤ ቀጥሎ የቀኙን።

«ሁለትነቱ ይጠፋል?»

«የትኛውንም ብሸፍን ይጠፋል።»

«አንዱን ሸፍነሽም ሁለት ቢታይሽ ኖሮ ችግሩን እዚያው ዓይን ውስጥ፣ ሌንሱ ላይ ወይም ሌላ ቦታ እፈልገው ነበር። አሁን ግን ሁለቱን ዓይኖችሽን ያቃታቸው አብረው መዞር ነው። የግራ ዓይንሽ ወደ ግራ አይሄድም፤ የሚያዞረው ነርቭ ደክሟል።»

የተነሳችው የጭንቅላት ምስል ንጹሕ ሆነ። ደሟ ውስጥ ግን ብዙ ስኳር ተገኘ። የስኳር ሕመም እንዳለባት አታውቅም ነበር፤ ነርቩን ያደከመውም እሱ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

፮

ታሪኩን ለአፍታ ላቁመው። አንተ የምታነበው፣ አንቺም፦ ነገር ሁሉ በድንገት ሁለት ከሆነባችሁ፣ በተለይ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከዓይን ቆብ መውደቅ ወይም ከእጅና እግር መዛል ጋር ከመጣ፣ ይህን ጽሑፍ ተዉትና

ሂዱ።

ሐኪም ቤት።

፯

መድኃኒት፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ትዕግሥት። «ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል» አለች ዶክተሯ። «ካልተመለሰ ሁለቱን ምስል የሚያገጣጥም ፕሪዝም የሚባል መነጽር አለ። እሱም ካልበቃ ቀዶ ሕክምና።»

ትርሲት ቅርቡን አንድ፣ ሩቁን ሁለት እያየች ከረመች። መሸፈኛውን ባወለቀች ጊዜ መንገድ እንዴት እንደምትሻገር ጠየቅኋት።

«ሁለት ባጃጅ ይመጣል። ሁለቱም እስኪያልፉ እቆማለሁ።»

እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም ነበር። እሷ በየማለዳው በእግሯ ትሄዳለች፤ ስኳሯን ታወርዳለች፤ የሚተካትን ኦፕሬተር በስልክ ትመክራለች። ሩቁም ቀስ በቀስ አንድ እየሆነ መጣ።

፰

የመጨረሻው ምርመራ። ወደ ክሬኑ የምትመለሰው ዶክተሯ ከፈቀደች ነው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ፊት ለፊት፦ አንድ። ወደ ቀኝ፦ አንድ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፦ አንድ።

ዶክተሯ ብርሃኑን ወደ ግራ፣ እስከ ጥጉ ወሰደችው።

«አዟዟሩ ደህና ይመስላል» አለች። «የምታዪውን ግን እኔ ማየት አልችልም። የምትነግሪኝን ነው የምጽፈው። አንድ ነው፣ ሁለት?»

 ትርሲት ብርሃኑን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር መለሰች። መልሷን ሰምቻለሁ። እዚህ የማልጽፈው፣ አንድም ይሁን ሁለት ያየችውን እንደምትናገር እስካሁን ስላወቃችሁ ነው።

ትርሲት፦ «                    »