ተዝካሩ የተበላ ሰው

ወንድሜ አስማማው ከሞት የተመለሰ ዕለት እኔ ለኩበት የሚሆን እበት እሰበስብ ነበር። ቀና ስል አጥሩ ሥር ቆሟል። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ግን ራሱ ነው፤ ለተዝካሩ ጠላ የጠመቅሁለት ታናሽ ወንድሜ።

«በስመ አብ!» አልኩና ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን ነህ? ወንድሜን አልቅሼ ጨርሻለሁ!»

ወደ እኔ ሲራመድ ትኩስ እበት ረገጠና ላሚቱን እስከ እናቷ ድረስ ተራገመ። ያን ጊዜ አመንኩ። ሙት እበት ረግጦ አይራገምም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እጄ ላይ የነበረውን እበት ሁሉ ጀርባው ላይ ለቀለቅሁት።

ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 1933 ነው። ጣልያን ገና ደብረ ማርቆስ ምሽጉ ውስጥ ነበር። አስማማው ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ሲዋጋ ተማረከና ባሕር አጠገብ ወዳለ የበረሃ እስር ቤት ተወሰደ። ከዚያ የተፈታ አንድ ሰው ቁይ ገበያ መጥቶ «አስማማውን ከሬሳ ጋር ሲያወጡት በዓይኔ አይቻለሁ» አለን። ሰውየው አልዋሸም። አስማማው በንዳድ ራሱን ስቶ ከሬሳ ጋር ጉድጓድ ተጥሎ ነበር። አፈር ሲያለብሱት ማሳል ጀመረ። ቀባሪዎቹም እስረኞች ነበሩና ጎትተው አወጡት። ይህን ግን ለእኛ ማን ይንገረን? መርዶ ሰምተን አለቀስን፣ ተዝካሩን አወጣን። በቅርቡ እስር ቤቱን አውሮፕላን ደበደበው፤ ዘበኞቹ ሲበተኑ እሱ በእግሩ አገሩ ገባ።

«ለተዝካሬ ምን አረዳችሁ?» አለኝ እግሩን እያጠብኩት።

«ቀዩን በሬ።»

«ቀዩን? ምነው እታለም! እኔስ ብሞት ምን ነበር፣ እሱን እንኳ ብትተዉት!»

ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ «ማሬስ?» አለ።

ማሬ ሚስቱ ናት። ቤታቸው ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ነው። በሩ ተዘግቶ ደጁን አረም ውጦት ነበር። እሳት የምጭርባት፣ ስናደድ የምጮህባት፣ ስታመም ገንፎ የምታገነፋልኝ እሷ ነበረች። ከሄደች ወዲህ በዚያ በኩል ማየት አልወድም ነበር።

«መንኩሳለች» አልኩት።

መመንኮስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማሬ መሬት ላይ ተጋድማ፣ ተሸፍና፣ ለሬሳ የሚደገመው ፍትሐት ተደግሞላታል፤ ለዓለም ሞታለች ማለት ነው። ስሟም እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሆኗል። እኔም እዚያው ነበርኩ። የወንድሜን ሬሳ ስላላገኘሁ የተረፈኝን እንባ ሁሉ እሷ ላይ አፈሰስኩት።

አስማማው እግሩን ከውሃው አውጥቶ ስለ አንድ ግሪክ ያወራኝ ጀመር። ሙሴ ስታቭሮ ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ነበረው። ጣልያን ከግሪክ ጋር ጦርነት ሲገጥም እሱንም እስር ቤት ከተተው። አስማማው ከጉድጓድ እንዴት እንደወጣ ሲነግረው «በእኛም አገር በቁማቸው ሲኦል ወርደው የተመለሱ ጀግኖች ነበሩ» አለው። አንዱ ጉልበተኛ የሲኦልን በር የሚጠብቀውን ባለ ሦስት ራስ ውሻ ጎትቶ አወጣ። ሌላው መርከበኛ የሞተች እናቱን አገኛትና ሊያቅፋት ሲል እንደ ጭስ ከእጁ አመለጠች። ሦስተኛው ባለ በገና ነው። ሚስቱ ሞታበት ሲኦል ወረደ፤ ለሙታን ንጉሥ ቢደረድርለት ንጉሡ አለቀሰና «ውሰዳት፤ ከኋላህ ትከተልሃለች። ብርሃን እስክትደርሱ ግን ዞረህ እንዳታያት» አለው። ሰውየው ደጁ ላይ ሲደርስ አላስቻለውም፤ ዞረ። ሚስቱም ተመልሳ ወደቀች።

«ለምን ዞረ ብዬ ከሙሴ ስታቭሮ ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን» አለ አስማማው። «እሱ ‹ስለወደዳት ነው› ይላል። እኔ ‹ስላላመነ ነው› እላለሁ።»

«ለመሆኑ ሴትዮዋን ማን ጠየቃት?» አልኩት። «መመለስ ትፈልግ እንደሆነ፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ጠይቃችኋታል?»

ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ዲማ አካባቢ ወዳለው የሴቶች ገዳም ሄድን። እመ ምኔቷ ጉዳዩን ሰምተው አስማማውን ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ባል ሳይሞት የተጫነ ቆብ ነው። ቆቤን አውልቄ እወርዳለሁ ካለች አልከለክላትም። ውረጂ ብዬ ግን አላዛትም» አሉን።

ማሬ ከወፍጮ ቤት ተጠርታ ክንዷ ዱቄት እንደለበሰ መጣች። አየችውና መሬት ቁጭ አለች። እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ብዙ አለቀሱ። እኔ ፈቀቅ አልኩላቸው፤ መስማት ፈልጌ ነበርና ብዙም አልራቅሁም።

«ጣልያን ወጣ?» አለችው ፊቷን ጠርጋ።

«ገና ነው። ምሽጉ ውስጥ ነው።»

«ወደ ዱር ትመለሳለህ?»

አስማማው መሬቱን በጣቱ ጫረ። እኔ በሆዴ «ዋሽ! አንድ ጊዜ ብትዋሽ ምን ትሆናለህ!» እላለሁ።

«እመለሳለሁ» አለ። «ጓደኞቼ እዚያው ናቸው።»

ማሬ ራሷን ነቀነቀች። «ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት ዘመድ ሁሉ ደጄ ላይ ቆሞ አየሁ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጎህ በቀደደ ቁጥር እንቀጠቀጥ ነበር። ቆብ ስጭን ነው የተወኝ፤ ከእንግዲህ ማንም መርዶ ይዞ አይመጣብኝም ብዬ እፎይ አልኩ። አልወድህም ማለቴ አይደለም፣ አስማማው። አንድ መርዶ ችያለሁ። ሁለተኛውን አልችልም።»

«እዚህ ሰላም አግኝተሻል?»

«አግኝቼ ነበር። ዛሬ እስክትመጣ።»

ኋላ አስማማው ተነሣና ነጠላውን አጣፋ። «እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ» አላት። «አልጠራሽም፣ አልዞርም። ብትመጪ ቤትሽ ነው። ብትቀሪም አልቀየምሽም።»

መንገድ ጀመርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን መቋሚያ ድንጋዩን ኳ፣ ኳ ሲያደርግ ሰማሁ። የግሪኩ ሕግ እኔን አይመለከትምና ዞሬ አየሁ። ማሬ ናት! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ዛሬ ማታ እሳት ልጫር እሄድባታለሁ ብዬ አሰብኩ።

አስማማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራ ጀመር። የቤቱ ክዳን ሳር እንደሚያስፈልገው፣ ከቀዩ በሬ የሚበልጥ ባይገኝም የሚመስለውን እንደሚፈልግ፣ ደጁን ራሱ እንደሚያርም። እንዲህ እያወራ ውሃው ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች እየረገጠ ጅረቱን ተሻገረ። እኔም ተሻገርኩ። ዞር ስል ማሬ ማቋረጫው ጠርዝ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯን የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ጀርባውን አየችው። ከዚያ እግሯን ሰበሰበች፤ እኔን በእንባ እያየች ራሷን ነቀነቀች፤ በእኛ አቅጣጫ እጅ ነስታ ተመለሰች።

አስማማው ግን አላቆመም። ስለ ማሳው ያወራል፣ ስለ ጎረቤት ያወራል፣ ይስቃል። ከኋላው ማንም እንደሌለ ልነግረው አፌን ስከፍት ልቅሶዬ ይቀድመኛል። በነጠላዬ አፌን አፍኜ ዳገቱን ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን ግን አላዞረም።

«እታለም፣ አፍንጫሽን ጥረጊ» አለኝ።

«አውቀሃል?»

«መቋሚያዋ ጅረቱ ላይ ዝም ሲል ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለማን ነው ይህን ሁሉ የምትለፈልፈው?»

«ለእሷ ነዋ። እስክትርቅ ድምፄን እየሰማች ትሂድ ብዬ።»

ንዴቴ ገነፈለ። ነጠላዬን መሬት ላይ ወረወርኩት። «ታዲያ ለምን አልዞርክም! ያ ባለ በገና እንኳ ዞሮ ነው ያጣት! አንተ ማን ከለከለህ? ምናለ አንድ ጊዜ ብትዞር!»

«ብዞርማ ሰላሟን ትታ ትመጣ ነበር» አለ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ቁልቁል ያንን ባዶ መንገድ ቆሞ አየው።