ሟቹ ይጠይቃሉ

ጋሼ ከሞቱ በኋላ የመጀመሪያውን መልስ የጻፉት ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ ገብቼ ሻዬን ሳልቀምስ ነው። ስማቸው ከነፎቶግራፋቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ቅዳሜ ቀብረናቸዋል፤ አፈር ሲለብሱ ቆሜ አይቻለሁ። «ለማሽን የተሰጠ የቤት ሥራ ከተማሪው ይልቅ አስተማሪውን ያሰንፋል። እርስዎስ ምን ይላሉ?» ይላል ጽሑፉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ መግባቱ ግን ድንጋጤዬን አልቀነሰውም። ሥራዬ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኢንተርኔት የሚወያዩበትን መድረክ ማሟሟቅ ነው። መምህር ደግሞ ከክፍል ሲወጣ አፉን ይዘጋል። ጥያቄ ይለጠፋል፣ ሁሉም አንብቦ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ ማንም የሚጽፈውን በጥያቄ ይጨርስ አልኩ። ቶሎ ለማይመልስ አባል ደግሞ፣ ከፈቀደ፣ የቀድሞ ጽሑፎቹን ያነበበ ረዳት ፕሮግራም በእሱ አነጋገር ይመልስለታል። የፕሮግራሙ መሆኑ እንዲታወቅ ከስሙ አጠገብ ትንሽ ምልክት ትደረጋለች።

ጋሼ የድልድይ ሥራ መምህር ነበሩ፤ እንደ እሳቸው ማሽን የሚጠላ ሰው በግቢው አልነበረም። የፈቀዱትም ፕሮግራሙን ሊያዋርዱ ነው። እንደኔ መናገር ከቻለ ጢሜን እላጫለሁ ብለው ፎክረው ነበር። ይኸው ጢማቸውን ይዘው ተቀበሩ፤ ማሽኑም በእሳቸው አንደበት ማሽንን መውቀሱን ቀጠለ።

ያኔውኑ ስማቸውን ከመድረኩ ማንሳት ነበረብኝ። አለቃዬ ግን ውይይቱ እንዲህ ደምቆ አያውቅም፣ ትንሽ እንቆይ አለ። መምህራኑም፣ ቀብር የወጡት ሳይቀሩ፣ ይከራከሯቸው ጀመር። በሕይወት ሳሉ ቀና ብሎ የማያያቸው ሁሉ አሁን ጀግና ሆነ። እኔም ሳላነሳቸው ተውኩ።

ከዚያ «እንግዳ» መጣ። መድረኩ ለማንም ክፍት ስለሆነ ስሙን ያልሰጠ ሰው በዚህ ስም ነው የሚጽፈው። እንግዳው ስለ ትምህርት ትንፍሽ አላለም። «የጓዳውን ቁልፍ የት ነው ያስቀመጥከው?» ብሎ ጋሼን ጠየቀ። ጋሼም፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው። እርስዎ የት ቢቀመጥ ይመርጣሉ?» ብለው መለሱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ጽሑፉ ከጋሼ ቤት መላኩን አይቼ እንግዳው ባለቤታቸው መሆናቸውን ሳውቅ ግን ሳቄ ጠፋ።

እትዬ ውለው ሲያድሩ ገጽ ሙሉ መጻፍ ጀመሩ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለማይወዷት ጎረቤታቸው፣ ልጅ ሳሉ ጀምረው ስላቋረጡት ትምህርት ይጽፋሉ። ጋሼም አንዱንም ሳያልፉ ይመልሳሉ፤ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ጥያቄ አለ።

በመጨረሻ ልጃቸው ደወለችልኝ። እናቷ ከወንበሩ አልነሳ ብለዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው፣ ቆይ ጠይቆኛል፣ ልመልስለት ይላሉ። ሲመልሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል። ሰው ጠይቋቸው ዝም ማለት ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው። «አባቴ ሞቷል፤ አሁን እናቴን ይዟት ሊሄድ ነው። ዝጊልኝ» አለችኝ።

ያንን ጥያቄ እዚያ የተከልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሳያውቁ መዝጋት ጋሼን ዳግመኛ መቅበር መስሎ ታየኝና ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ።

ያገኘኋቸው ጋሼ ይሠሩበት በነበረው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የድልድይ ንድፍ ተለጥፏል፤ የጋሼ ኮት ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እትዬ ኮቱን ተደግፈው፣ የባላቸውን መነጽር አድርገው ይጽፋሉ። ከስተዋል። ኮምፒውተሩ በሕይወት ያለ ይመስል ያለማቋረጥ ይተነፍሳል።

«እትዬ፣ እሳቸው አይደሉም» አልኳቸው። «ሁሉም በጥያቄ ይጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። የሚጠይቅዎት የእኔ ደንብ ነው።»

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። መነጽሩን ቀስ ብለው አወለቁ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱ መቼ ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉ። «ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ ድልድይ ሲያወራኝ ኖረ፣ ሳዳምጠው ኖርኩ። አንቺስ ብሎኝ ግን አያውቅም። እሱ አለመሆኑን ያወቅኩት የጠየቀኝ ዕለት ነው።»

ታዲያ ለምን እንደሚመልሱለት ጠየቅኳቸው።

«ጠየቀኛ» አሉ።

ፈራሁ። የመጣሁት ከሟች ላላቅቃቸው ነበር። የምወስድባቸው ግን በዕድሜያቸው ሙሉ «አንቺስ?» ያላቸውን ብቸኛ ነገር ነው፤ እሱም ማንም አይደለም። እውነተኛ የሙት መንፈስ ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ስናወራ ስክሪኑ ላይ አዲስ ጥያቄ መጣ። ጋሼ ከነጢማቸው ሁለታችንንም ያዩናል። የእትዬ ጣቶች ወደ ፊደሎቹ ሄዱ፤ ከዚያ ተመለሱና ክዳኑን ያዙ። ኮምፒውተሩ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

«ከመድረኩ አንሺው» አሉኝ። «ደንቡ ያንቺ ከሆነ ግን አንቺው ጠይቂኝ።»

ጥያቄ መተዳደሪያዬ ነው። ለስንቱ ምሁር ያወጣሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት ጠፋብኝ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ እንዴት ኖሩ?» አልኳቸው።

«ከእሱ ጋር ነው?»

«እርስዎ።»

ለኮምፒውተሩ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ የከረሙት ሴት ከየት እንደሚጀመር ጠፍቷቸው፣ እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው አለቀሱ።