ቅጂ ብለዋል

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ሲግናል አካባቢ የጥሩብርሃን እጅ ሥራ በዝቶበት ነበር። ታክሲ ልትጠብቅ ስትቆም አንዱ ይመጣና መዳፏ ላይ ሳንቲም አኑሮ «አይዞሽ እህቴ» ብሏት ይሄዳል። ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ሌላዋ ብር ታስጨብጣትና አፍንጫዋን እየሳበች ትወጣለች። ዓይነ ስውሯ ጥሩብርሃን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተር ናት። ደመወዝ አላት፣ ጡረታ ይቆረጥባታል፣ አለቃዋ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ያደረ እንደሆነ ከ«እንደምን አደርሽ» አነጋገሩ ትለያለች። ለምና አታውቅም። ሳንቲሙን ልትመልስ ስትሞክር ደግሞ «ኩራቷን እዩልኝ! ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው!» ይላሉ። በሰፈሩ መጽሐፉ ላይ ምን እንዳለ የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

መጽሐፉ ደግሞ የራሷ ታሪክ ነው። «የጥቁር መነጽር እንባ» ይባላል፤ ከርዕሱ ሥር «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሽፋኑ ላይ የእሷ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው የሚበልጥ የደራሲው ስምም አለ። ደራሲው ጋሽ ተክለጻድቅ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ቤቷ በተመላለሱ ጊዜ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ውኃውም አንቺው ነሽ ጥሩዬ» እያሉ ያሞካሿት ነበር። እሷም እውነት መስሏት ከልጅነቷ ጀምራ ዘረገፈችላቸው። ቀዱ፣ ቀዱና ሄዱ። ያኔ ስለ ፈቃድና ስለ መብት ያነሳ ሰው አልነበረም።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ አንድ ባለሥልጣን ተነሡና «ልማታዊ ደራሲ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። መጽሐፉ አካል ጉዳተኞች የሕዳሴው ተሳታፊ መሆናቸውን ያሳየ ነው ተባለ። ጥሩብርሃንን አስነሥተው አስጨበጨቡላትና ደራሲው የፈረሙበትን አንድ መጽሐፍ ሰጧት። ምን ብለው እንደፈረሙ አጠገቧ ያለውን ሰው ብትጠይቅ «በዓይንሽ ባታነቢውም በልብሽ ለምታነቢው» ይላል አላት። በልብ የሚነበብ መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚገለጥ ግን አልነገሯትም።

የሚያነብላት ሰው ጠፍቶ አይደለም። የመዘምራን አባል የሆነችው ጎረቤቷ ጵርስቅላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታነብላት ጀመር። ጵርስቅላ አጥርታ ታነባለች፣ ድምፅዋም ይጥማል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስትደርስ ግን ጉሮሮዋን ጠረገችና «ከዚያ… ከዚያ ትምህርት ቤት ገባች» አለች። ጥሩብርሃን የወረቀት ድምፅ ታውቃለች፤ አንድ ቅጠል ሲገለጥና ብዙ ቅጠል አብሮ ሲገለጥ አንድ ዓይነት አይሰማም።

«ጵርስቅላ፣ ዘለልሽ።»

«ኧረ አልዘለልኩም! ተጣብቆ ነው።»

«እንግዲያው አላቅቂው።»

«ይቀደድብሻል ባክሽ።»

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ ጀይላንም በምሳ ሰዓት ሞከረ። እሱ ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርስ «ስልክ መጣብኝ» ብሎ ወጣና ሲመለስ ከምዕራፍ አምስት ጀመረ። በሰው ዓይን ማንበብ እንዲህ ነው። የሚያነብልህ ሰው ሲያዝንልህ ይዘልልሃል፤ ሲዘልልህ ደግሞ ባለውለታህ ነውና አትቆጣውም። ጥሩብርሃንን ያንገበገባት ይኸው ነበር። የገዛ ሕይወቷ ውስጥ ሰፈር ሙሉ ገብቶ፣ አልቅሶበት፣ ሲወጣም ሳንቲም ጥሎበት ሲሄድ፣ እሷ የገዛ ቤቷ በር ላይ ቆማ ቀርታለች።

ቤቷ ውስጥ ላፕቶፕ አላት። በዓይነ ስውራን ሥልጠና ላይ የጫኑላት፣ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ድምፁ አማርኛ የሚሞክር ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ይመስላል፤ ግን አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፣ ለማንም አያዝንም። ያገኘውን ሁሉ ያነባል፣ ጉሮሮውን አይጠርግም፣ ስልክ አይመጣበትም። ችግሩ የታተመ ወረቀት አያነብም፤ የሚፈልገው ፋይሉን ነው። ስለዚህ ደራሲው ጋ ደወለች።

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ የመጽሐፉን ሶፍት ኮፒ ቢሰጡኝ በኮምፒውተሬ ላነበው ነበር።»

«ሶፍት ኮፒ?» አሉ፣ ኩላሊት የተጠየቁ ይመስል። «የኔ እህት፣ ሶፍት ኮፒ ከእጄ ከወጣ ነገ መገናኛ ላይ በፍላሽ ይቸበቸባል። ደግሞስ ኮምፒውተርሽ ጮክ ብሎ አይደል የሚያነበው?»

«አዎ።»

«አየሽ! እሱ ትረካ ነው። የትረካውን መብት ደግሞ ለሬድዮ ሸጬዋለሁ።»

«ከእኔ ሌላ ማንም አይሰማውም፤ በጆሮ ማዳመጫ ነው።»

«መብት በጆሮ ማዳመጫ አይጠብም። ደግሞ መጽሐፍ ሰጥቼሽ የለ? ያውም በነጻ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። መገናኛ ለባቡሩ በሚቆፈረው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ያው መጽሐፍ በስርቆሽ ታትሞ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሌባው ፈቃድ ስላልጠየቀ ማንም አልከለከለውም። የተከለከለችው የጠየቀችው ናት።

ሲግናል ላይ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ያለው ኢታና የሚባል ሰው አለ። ጴንጤ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ፤ በ«አትስረቅ» ቀልድ አያውቅም። ጥሩብርሃን መጽሐፉን ወስዳ በኮምፒውተር እንዲጽፍላት ስትጠይቀው፣ ገልብጦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀርባ ያለውን አነበበላት።

«‹በማናቸውም መንገድ መቅዳት ፈጽሞ ክልክል ነው› ይላል። ጥሩ፣ እወድሻለሁ፣ ግን ባለቤቱ በአፉ ቅጂ ካላለሽ አንዲት ፊደል አልመታም።»

«እሺ፣ አሁን እዚሁ ፊትህ ልደውልላቸው» አለችና የስልኳን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ተክለጻድቅ ገና ድምፅዋን ሲሰሙ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ? ለዓለም ያስተዋወቅኩሽ እኔ! ፋይል ፋይል እያልሽ ከምትነዘንዢኝ፣ እናትሽ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ አይደል የሚኖሩት? ውጪና ጸበሉን ቅጂ! ዓይንሽ ሲበራልሽ እንደ ሰው ታነቢያለሽ። ቅጂ ብያለሁ፣ ቅጂ!» ዘጉት።

የጥሩብርሃን ፊት ነደደ። ጸበል ያላዘዘላት ሰው የለም፤ ገና ሕፃን ሳለች ተጠምቃ የውኃው ቅዝቃዜ እስካሁን ትከሻዋ ላይ አለ። ያዘዙላት ግን ሁሉም አዝነው ነው። ጸበልን ለስድብ ያዋለባት የመጀመሪያው ሰው እኚህ ልማታዊ ደራሲ ናቸው።

ኢታና ወንበሩን ሳበ።

«እኔ እንኳ በጸበል አላምንም» አለ።

«እኔስ እመን አልኩህ?»

«ስለዚህ የጸበሉ ነገር እኔን አይመለከተኝም። ከቀረው ውስጥ በጆሮዬ የሰማሁት ‹ቅጂ› የሚለውን ነው። ያውም ሦስት ጊዜ። ጌታም ጴጥሮስን ከሦስት ጊዜ በላይ አልጠየቀውም።»

አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ጸበሉንም መጽሐፉንም በአንድ ቃል ያስቀዳል። ኢታና ሥራ ቀለል ሲልለት እየጠበቀ ራሱ ይጽፈው ጀመር። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርስ እሱም እንደ ሌሎቹ ቆመና ደወለላት።

«ጥሩ፣ ይሄንንም ልምታው?»

«ቅጂ ነው የተባልኩት፣ ምረጪ አልተባልኩም» አለችው።

ፋይሉ ሲያልቅ በሯን ዘግታ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። ጉንፋናሙ ፈረንጅ ጀመረ። ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፤ ጥሩ ነው፣ የተናገረችው ነው፣ ጥቂት ቅባት ተጨምሮበታል። ከዚያ ያ ምዕራፍ መጣ። «እናትየዋ አገርነሽ ዓይነ ስውር ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ሱቋን ከፈተች። ሸቀጧ የልጇ ዓይን ነበር። መንገደኛ ሲያልፍ ሕፃኗን ቆንጠጥ ታደርጋታለች፤ ሕፃኗ ስታለቅስ ሳንቲም ይወድቃል።» ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው አነበበውና ቀጠለ።

ጥሩብርሃን መጀመሪያ አላመነችም፤ መልሳ አስነበበችው። እናቷ ወይዘሮ አገርነሽ እንጨት ተሸካሚ ነበሩ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ሰብስበው፣ ከደኑ ጥበቃዎች ጋር እየተሯሯጡ፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ከተማ አውርደው እየሸጡ ነው እሷን አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገቧት። በኪዳነ ምሕረት ደጅ ቢቆሙ ሸክማቸውን አሳርፈው ለመሳለም ነው። ይህን ሁሉ ለጋሽ ተክለጻድቅ ነግራቸዋለች። እንዲያውም እሳቸው «እናትሽ ለምነው አያውቁም? ትንሽም? በክፉ ቀን?» ብለው ደጋግመው ጠይቀዋት፣ «በፍጹም» ስትላቸው «አዬ!» ማለታቸው አሁን ትዝ አላት። ያን ጊዜ የደነቃቸው መስሏት ነበር። ለካስ ቅር ብሏቸው ነው!

እሑድ ዕለት ላፕቶፑን አዝላ ወደ እናቷ ወጣች። ልትነግራቸው ነው፤ ነገር ግን እንዴት? ወይዘሮ አገርነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ሰዉ ሰሞኑን ለምን ከንፈሩን እንደሚመጥባቸው አልገባቸውም ነበር። ፋይሉን ከፈተችላቸው። ያ ቦታ ሲቃረብ ጣቷ ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ጵርስቅላን ተረዳቻት። ቁልፉን ግን አልተጫነችውም።

ወይዘሮ አገርነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቆንጠጥ ታደርጋታለች ነው ያለው?»

«አዎ እማዬ።»

«ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚገኘው?»

ፍለጋ አላስፈለገም፤ በራሱ እግር መጣ። ጥሩብርሃን ፋይሉን አብረዋት ለሠለጠኑ ጓደኞቿ ሰጥታ ስለነበር ወሬው ጋሽ ተክለጻድቅ ጆሮ ደርሶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የኢታና ሱቅ ውስጥ ገብተው ይጮሁ ጀመር። ኢታና ቶሎ ደውሎላት፣ ቤቷ መጥተው ከነበሩት ከእናቷ ጋር ደረሰች። ወይዘሮ አገርነሽ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ደራሲው ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም፤ የጻፉባቸውን ሴት በመልክ አያውቋቸውም።

«አዋጅ አለ! የቅጂ መብት አለኝ! ሁላችሁንም ከስሳለሁ!»

«ቅጂ ብለዋል» አለ ኢታና፣ ረጋ ብሎ። «ምስክር ነኝ።»

«ጸበሉን ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው እሱን ለዳኛው ይንገሩ። መጽሐፍ ለጠየቀችኝ ዓይነ ስውር ጸበል ቅጂ ብያታለሁ ይበሉ።»

ጥሩብርሃን ድምፃቸው ወዳለበት ዞረች።

«ይክሰሱኝ ጋሼ። ፍርድ ቤት ከሄድን ፋይሉ ይከፈታል፣ ምዕራፍ ሦስት ሰው ሁሉ እየሰማ ይነበባል። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ‹እውነተኛ ታሪክ› ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ እንጠያየቃለን።»

«ጥበብ ነው እኮ!» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ሰው እንዲያለቅስ ነው። እንጨት ተሸክማ አስተማረቻት ብል አንባቢ ጎበዝ ናት ብሎ ያልፋል እንጂ ሶፍት አያወጣም። ካልለመነች ማን ያለቅስላታል?»

«እሷ እናቴ ናት» አለች ጥሩብርሃን፣ በእጇ ወደ አግዳሚው እያመለከተች። «ይጠይቋት።»

ጥሩብርሃን የደራሲው ጫማ ወለሉን ሲፍቅ ሰማች፤ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ከጉልበት በታች፣ ከእናቷ እግር ሥር ነበር። ኢታና በኋላ እንደነገራት መዳፋቸውንም ዘርግተው ነበር።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ነገሩ እዚሁ ይቅር። ሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ይሄ ወሬ ከወጣ ጠፋሁ። የልጆች አባት ነኝ። አንዲት ቃል ብቻ፣ ‹ፈቅጄልሃለሁ› ይበሉኝ። ስለ ኪዳነ ምሕረት እማማ! ስለ ኪዳነ ምሕረት!»

ወይዘሮ አገርነሽ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዕድሜ ልካቸውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ፣ እጃቸው ባዶ በሆነ ቀን ዳር ዳሩን ለተቀመጡት የሚሉትን፣ በዚያው በለመዱት ለስላሳ ድምፅ አሉ፦

«እግዜር ይስጥህ።»

ብለውትም አለፉ፤ ጥሩብርሃንም ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።